የጥሩሸዋ ድስት

መብራቱ ድንገት ባይጠፋ ኖሮ ወይዘሮ አስካለ ማርያም ነገሩን ባልሰሙት ነበር። ቅዳሜ ጠዋት ነው። የመሐል ሜዳው ወፍጮ ቤት ከየገጠሩ እህል ጭኖ በመጣ ሰው ተጨናንቋል። ወፍጮው እያጓራ ስለሆነ ሴቶቹ የሚያወሩት ተጠጋግተው፣ አንዳቸው በሌላቸው ጆሮ ውስጥ እየጮኹ ነው። ወይዘሮ አስካለ ገብሳቸውን አስመዝነው ከግድግዳው ጥግ፣ ከጆንያው ክምር ጀርባ ቁጢጥ ብለው ተራቸውን ይጠብቃሉ። መብራት ተቋርጦ ወፍጮው ቀጥ ሲል ታዲያ አንዲት ሴት ጩኸቷን ለመግታት አልደረሰችም። «የእሪያ አጥንት ነው አሉ የምትቀቅለው! ሌላ ሰው መሰለሽ ያወራው? የገዛ አማቷ ናቸው የተናገሩት!» ያለችው ሁሉ በዚያ ጸጥታ መሃል ቤቱን ሞላው።

ተናጋሪዋ ኮከቤ ነበረች፤ ገበያ መግቢያው ላይ ጨውና በርበሬ የምትቸረችረው። ዞር ስትል ወይዘሮ አስካለን አየቻቸውና ነጠላዋን ወደ አፏ ሳበች። ዱቄት ያለበሰው ባለወፍጮ ብቻ «አሁን ይመጣል፣ አሁን ይመጣል» እያለ ስለ መብራቱ ይናገራል። ወይዘሮ አስካለ ጉልበታቸውን ተደግፈው ተነሡ፤ ገብሳቸውን እዚያው ትተው፣ መንገድ የለቀቁላቸውን ሴቶች ቀና ብለው ሳያዩ ወጡ።

ውጪ ነፋሱ እንደ መርፌ ይወጋል። ጥምቀት አልፎ ጾሙ ገና አልገባም፤ ውርጩ ከሣሩ ላይ የሚለቀው እየዘገየ ነው። ወይዘሮ አስካለ ጋቢያቸውን እየሰበሰቡ ሲሄዱ ምን ብለው እንደነበር ያስባሉ። እሪያ አላሉም። ይህን በመስቀሉ ይምላሉ። የሥላሴ ማኅበር የተጠጣ ቀን ጠላው ደጋግሞ ከዞረ በኋላ፣ የሚስጥር ጓደኛቸው ዘነበች «የምራትሽ ምግብ ቤት እንዴት ነው?» ብላ ጠየቀቻቸውና «ምን አጥንት እንደሆነ እሷና ፈጣሪዋ ያውቃሉ፤ ሌሊቱን ሙሉ ሲንተከተክ ያድራል» አሉ። ሰው ሳቀ። እሳቸውም ሳቁ። ያቺ ቃል ናት እንግዲህ ከማኅበሩ ቤት ወጥታ፣ በየደጁ እግር አውጥታ፣ አፍንጫ አብቅላ፣ እሪያ ሆና ወፍጮ ቤት የጠበቀቻቸው።

ለሳቅ ብቻ ነበር ቢሉ ግን ራሳቸውን አያሳምኑም። ምራታቸው ጥሩሸዋ ሰው የማትበድል፣ ቃሏ ቁጥብ የሆነች ልጅ ናት። ልጃቸውን ትዕዛዙን ከማግባቷ በፊት አዲስ አበባ፣ አንዲት ጃፓናዊት በከፈተችው ምግብ ቤት ስትሠራ ኖራለች። አግብታ መሐል ሜዳ ከመጣች ወዲያ ጥቂት ጊዜ እቤት ተቀመጠችና በጥቃቅንና አነስተኛ ተደራጅታ፣ መናኸሪያው አጠገብ አንዲት ክፍል ተከራይታ፣ ራመን የሚባለውን የጃፓን ምግብ ትሸጥ ጀመር። ሰው መጀመሪያ «ሾርባ ውስጥ የሚዋኝ ፓስታ» እያለ ቀለደባት። ብርዱ ሲጠና ግን ከገበያ መልስ የመጣው ገበሬ፣ የመንግሥት ሠራተኛው፣ ሹፌሩ ሁሉ እየገባ ጎድጓዳውን ሳህን በሁለት እጁ አቅፎ ይቀመጥ ያዘ። ከዚያ ወዲህ ትዕዛዙ ከደብረ ብርሃን አይሱዙውን ነድቶ ሲመለስ መጀመሪያ የሚቆመው እናቱ ደጅ አይደለም፣ ራመን ቤቱ በር ላይ ነው። ወይዘሮ አስካለ ይህን ለማንም ተናግረው አያውቁም። ለሰው ሲነገር የማያምር ነገር ነው። የማያምር ነገር ደግሞ መውጫ አያጣምና ማኅበር ላይ በአጥንት ስም ወጣ።

እስከ ገበያው አፍ ድረስ ሄደው ቆሙ። ባና የሚባለውን የበግ ጠጉር ብርድ ልብስ የሚሸጡት ሰዎች ባናቸውን ትከሻቸው ላይ ደራርበው ይዞራሉ፤ በጎቹ ተፋፍገው አንዱ በሌላው ጀርባ ላይ ተንጠልጥሏል። ወይዘሮ አስካለ አሰቡና መላ ያገኙ መሰላቸው። ዛሬ የገበያ ቀን ነው፤ አገር ምድሩ በመናኸሪያው በኩል ያልፋል። እሳቸው እዚያ ቁጭ ብለው ሰው ሁሉ እያየ ቢበሉ ወሬው በዚያው ሞተ ማለት ነው። አማቲቱ ራሷ በልታለች ይባላል፤ አለቀ። ማንንም ይቅርታ ሳይጠይቁ፣ ምንም ሳይናገሩ፣ በመብላት ብቻ። ቤቱ ከተከፈተ ጀምሮ አንድ ቀን እንኳ ገብተው እንዳልበሉ ትዝ ያላቸው በሩ ላይ ሲደርሱ ነው።

በሩ ላይ ከመካከሉ የተሰነጠቀ ሰማያዊ ጨርቅ ተንጠልጥሏል፤ የሚገባ ሰው ሁሉ አንገቱን ሰበር ማድረግ አለበት። ወይዘሮ አስካለ ጎንበስ ብለው ገቡ። «እንኳን ደህና መጡ!» አለች አስተናጋጇ መሲ፤ ወዲያው ከውስጥ፣ ከምድጃው በኩል፣ ሌላ ድምፅ «እንኳን ደህና መጡ!» ብሎ ተቀበላት። ይህ የቤቱ ደንብ ነው። የሚገባው ሰው ማንም ይሁን፣ ሥራ የቱንም ያህል ቢበዛ፣ በቤቱ ያለ ሠራተኛ ሁሉ ድምፁን ከፍ አድርጎ ይቀበለዋል። ጃፓኖቹ እንዲያ ነው የሚያደርጉት። ዛሬ ግን ድምፁ ባዶ ቤት ውስጥ አስተጋባ። ግድግዳው በኖራ ተለስኗል፤ ሁለት ረጃጅም ጠረጴዛዎች ከነአግዳሚያቸው ተወልውለው ያበራሉ፤ ግድግዳው ላይ በእጅ የተጻፈ ዋጋ ተለጥፏል። ራመን በበግ ሃያ አምስት ብር፣ እንቁላል ሲጨመር ሠላሳ፣ የጾም ራመን በእንጉዳይ ሃያ። ሌላ ምግብ የለም። ሌላ ሰውም የለም። ባለፈው ቅዳሜ በዚህ ሰዓት ሰው ቆሞ ተራ ይጠብቅ እንደነበር ትዕዛዙ ሲያወራ ሰምተዋል።

ጥሩሸዋ ከምድጃው ጀርባ አንገቷን ብቅ አድርጋ አየቻቸው። ፀጉሯን በነጭ ጨርቅ አስራለች፤ ፊቷ በእንፋሎት ወዝቷል።

«እማማ፣ በሰላም ነው?»

«በሰላም ነው። ልበላ ነው የመጣሁት።»

ጥሩሸዋ በመዳፏ ወደ አግዳሚው አመለከተች። «ይቀመጡ» አለችና ተመለሰች።

ወይዘሮ አስካለ ከበሩ ትይዩ፣ ከውጪ በደንብ የሚታዩበትን ቦታ መርጠው ተቀመጡ። መሲ በሙቅ ውኃ ተነክሮ የተጨመቀ፣ የተጠቀለለ ፎጣ በትንሽ ሳህን አቀረበችላቸው። የሚበሉት መስሏቸው ግራ ገብቷቸው አዩት። «እጅዎን ይጥረጉበት፣ እማማ» አለቻቸው ቀስ ብላ። ፎጣው የብርዱን መንፈስ ከጣቶቻቸው መገጣጠሚያ ሲያወጣው ተሰማቸው። ቀጥሎ ያላዘዙት ሻይ መጣ፤ ስኳር የለውም፣ ሒሳብም አይጠየቅበትም። በዚህ ከተማ ውኃ እንኳ ተጠይቆ፣ ተረስቶ፣ ዳግመኛ ተጠይቆ ነው የሚመጣው።

ከተቀመጡበት ሆነው የምራታቸውን ሥራ ለመጀመሪያ ጊዜ አዩ። ጥሩሸዋ ጠዋት በእጅ በሚዞር መኪና የቆረጠችውን ሊጥ፣ እንደ ፈትል የቀጠነውን፣ በእጇ አንሥታ በተነችና የፈላ ውኃ ውስጥ ለቀቀችው። ሰዓት አላየችም። ከንፈሯ ብቻ ትንሽ ይንቀሳቀስ ነበር። በወንፊት አውጥታ አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ ወደ ታች ወርወር አድርጋ ውኃውን አራገፈችው። ሳህኑን ቀድማ በሙቅ ውኃ አሙቃዋለች። ከሥሩ ጥቁሩን የአኩሪ አተር ሶስ ጠብ አደረገች፤ ከዚያ ከትልቁ ድስት፣ ከዚያ ከተወራበት ድስት፣ በጭልፋ ቀድታ ጨመረችበት። መረቁ እንደ ወተት ነጣ ያለ ነው። ከላይ ስሱን የበግ ሥጋ፣ ለሁለት የተሰነጠቀ እንቁላል፣ የተቀነጠሰ ባሮ ሽንኩርት ደረደረችበት። ማንንም የማታስተናግድ ይመስል አልቸኮለችም፤ ብዙ ሰው የሚጠብቃት ይመስል ደግሞ አልዘገየችም። መሲን «ተይው» አለችና ራሷ ይዛው መጣች። ሳህኑን በሁለት እጇ ይዛ፣ ጎንበስ ብላ፣ ፊታቸው አስቀመጠችው። ለሁሉም ሰው እንዲሁ ታደርግ እንደሆነ ወይዘሮ አስካለ አላወቁም።

«በሁለቱ እንጨቶች መብላት ካልቻሉ ሹካ አለ። መረቁን በማንኪያ። ሲበሉ ድምፅ ቢያሰሙ እዚህ ቤት ነውር አይደለም፤ እንዲያውም ጣፈጠኝ ማለት ነው።»

«በስተርጅና ሲያስፏጨኝ ሰው ይየኝ?» አሉ ወይዘሮ አስካለ። ጥሩሸዋ ፈገግ አላለችም።

አማተቡና በሹካ ጀመሩ። ፈትሉ እየሸሸ አገጫቸውን አረጠበው፤ ሁለተኛው ጊዜ ሳያስቡት ሳብ ሲያደርጉት ድምፅ አወጣ። አፈሩና ወደ በሩ አዩ። መረቁ ግን ሌላ ነገር ነበር። በአጥንት ውስጥ ያለው መቅኒ ሁሉ ሟሙቶ የገባበት፣ ዝንጅብልና ነጭ ሽንኩርት ከሩቅ የሚሸት፣ ከጉሮሮ ጀምሮ እስከ ጉልበት የሚያሞቅ። ከአራስነታቸው ወዲህ እንዲህ ያለ መረቅ ጠጥተው አያውቁም። ጣፋጭ ነበር። ባይጥማቸው በወደዱ፤ መጣፈጡ ጎዳቸው። ይህን ድስት ነው እሳቸው ለጠላ ማጣፈጫ ያደረጉት።

በበሩ በኩል ሰው ያልፋል። የተሰነጠቀው ጨርቅ በነፋስ ሲከፈት ወደ ውስጥ የሚያይ አለ፤ ቆም ብሎ የሚያይም አለ። ሁለት ሴቶች ቆሙ። አንደኛዋ ድምፅዋን ዝቅ ያደረገች መስሏት «ውይ ምስኪን፣ እሳቸውንም አበላቻቸው!» አለች። ሌላኛዋ ከንፈሯን መጠጠችና ሄዱ። ወይዘሮ አስካለ ሹካውን አስቀመጡ። በመብላት ይሞታል ያሉት ወሬ ከእሳቸው ሳህን በልቶ ወፈረ።

«ጥሩሸዋ፣ ነይ እስቲ» አሉ። መጣች። «ያን አጥንት ከድስቱ አውጪውና በትሪ አድርገን በር ላይ እናስቀምጠው። የበግ አጥንት የማያውቅ የመንዝ ሰው የለም። አይተው ይፈሩ።»

ጥሩሸዋ ጠረጴዛው ላይ የተንጠባጠበውን መረቅ በጨርቅ ጠረገች። አጠራረጓ ረጋ ያለ ነው።

«እማማ፣ ያወራው እኮ አጥንቱ አይደለም» አለች።

ወደ ምድጃዋ ተመለሰች። ወይዘሮ አስካለ ወሬው ከማን እንደወጣ ታውቅ ይሆን አታውቅ ጀርባዋን እያዩ ሊገምቱ ሞከሩ። መሲ የሌለ አቧራ ትወለውላለች። ሻይ ደግማ ቀዳችላቸው።

ትንሽ ቆይቶ ቤቱን ያከራዩት አቶ መኳንንት ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው ገቡ፤ እሳቸውም «እንኳን ደህና መጡ» ተባሉ። ከኋላቸው ዘነበች ተከትላለች፤ ምን ሊባል እንደሆነ ለመስማት እንጂ ለመብላት እንዳልመጣች ከአቋቋሟ ያስታውቃል። አቶ መኳንንት ክፉ ሰው አይደሉም። ወይዘሮ አስካለን ሲያዩ ሊመለሱ ቃጥቷቸው ነበር፤ ነገር ግን ንግግራቸውን ለጥሩሸዋ ጀመሩ። ሰው ቤቱን እየሸሸው መሆኑን፣ ጎረቤት ያሉት ባለሻይ ቤቶች ሳይቀር ማጉረምረማቸውን፣ ይህ ስም ከቤቱ ላይ ከተለጠፈ እሷ ስትወጣ ሌላ ተከራይ እንደማይገባበት ተናገሩ። «እኔ አላምንም፤ ግን ቤቴ ነው። እስከ ወር መጨረሻ ሌላ ቤት ብትፈልጊ ምናለ?»

ጥሩሸዋ ጭልፋዋን አስቀምጣ አዳመጠቻቸው።

«አዲስ አበባ ስትሠሪ አሳማ ይቀቀል ነበር ይባላል። እውነት ነው?» አሏት።

«እውነት ነው። ጃፓኖቹ ይበሉታል። እኔ የዶሮውን ድስት ነበር የምይዘው» አለች። «እዚህ ግን የበግ ነው፤ ከበግ ሌላ ገብቶ አያውቅም።»

«ይኸው!» አለች ዘነበች ከበሩ ሆና። ከዚያ ዓይኗ ወይዘሮ አስካለ ፊት ባለው ሳህን ላይ አረፈ። «አስካለ፣ አንቺም በላሽ?»

ወይዘሮ አስካለ መልሱ ቀላል እንደሆነ ያውቃሉ። ሰው ክፉ ነው፣ ምላስ አጥንት የለውም፣ የኮከቤ ወሬ ነው ቢሉ ሁሉም ራሱን ነቅንቆ ይቀበላቸዋል። ዘነበችም ብትሆን ከእሳቸው የሰማችውን ባደባባይ አትመሰክርባቸውም፤ የማኅበር ወግ አይፈቅድም። ፎጣውን አንሥተው አፋቸውን ጠረጉ። ቀዝቅዟል።

«መኳንንት» አሉ፣ «ወሬው የወጣው ከእኔ ነው።»

አቶ መኳንንት ባርኔጣቸውን ከአንድ እጃቸው ወደ ሌላው አዛወሩ።

«እሪያ አላልኩም። ምን አጥንት እንደሆነ እሷ ታውቃለች ነው ያልኩት፤ ማኅበር ላይ። ዘነበችም ነበረች። ግን ምን አጥንት እንደሆነ አውቅ ነበር። በጉን የሚሸጥላት ወንድሜ አፈወርቅ ነው። አርዶ፣ ብልት አውጥቶ የሚያመጣላትም እሱ ነው። ቆዳውን እኔ ደጅ ነው የሚያሰጣው።»

«እያወቅሽ?» አለች ዘነበች።

«እያወቅሁ።»

ከምድጃው ላይ የፈላው ውኃ የድስቱን ክዳን ያንኳኳ ነበር፤ ጥሩሸዋ ሄዳ እሳቱን ቀነሰችው። ዘነበች ነጠላዋን አስተካከለችና ጨርቁን ገልጣ ወጣች። እሷም ሳትጨምርበት እንዳልቀረች ወይዘሮ አስካለ ጠርጥረዋል፤ ግን ያ የእሷ ጉዳይ ነው። አቶ መኳንንት ጥቂት ቆመው «በይ እንግዲህ፣ እስከ ፋሲካ እንየው» አሉ ለጥሩሸዋ። ይብሉ ቢሏቸው ይበሉ ነበር፣ ግን ማንም አላላቸውም። ባርኔጣቸውን አጥልቀው ሲወጡ ጨርቁ ባርኔጣውን አወለቀባቸው።

ከዚያ በኋላ ሰው የጎረፈ አልነበረም። ያንን የጠበቁት ወይዘሮ አስካለ ብቻ ናቸው። ገበያው ሲበተን በሩ ላይ የሚያልፈው ሰው አሁንም አንገቱን እያዞረ አለፈ። ወሬ እንደ ገባበት ቶሎ አይወጣም። ከሰዓት በኋላ ከደብረ ብርሃን የመጣው አውቶቡስ ያራገፋቸው፣ ስለ ምንም ያልሰሙ መንገደኞች እጃቸውን እያፋተጉ ገቡና «ትኩስ ነገር አለ?» አሉ። ጥሩሸዋና መሲ በአንድ ድምፅ ተቀበሏቸው። መንገደኞቹ ድምፅ እያሰሙ በሉ፤ አንዱ ሳህኑን አንሥቶ መረቁን እስከ ጭላጩ ጠጣና እንዲደገምለት ጠየቀ። ወይዘሮ አስካለ ወደ ኋላ ክፍል ገብተው እጅጌያቸውን ሰብስበው ሳህን ያጥቡ ጀመር። ማንም አላዘዛቸውም፣ ማንም አልከለከላቸውም። ጥሩሸዋ የታጠበውን እየመጣች ወሰደች።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ የአይሱዙው ሞተር በሩ ላይ ጮኾ ጠፋ። ትዕዛዙ አቧራ ለብሶ፣ አንገቱን ሰበር አድርጎ ገባ። እናቱን በዚያ ቤት፣ እጃቸው በሳሙና ተለውሶ ሲያያቸው ፊቱ በራ።

«እማዬ! ምን እግር ጣለሽ?»

ወይዘሮ አስካለ ምራታቸውን አዩ። ጥሩሸዋ ጀርባዋን ሰጥታ የነገውን ሊጥ ዱቄት ትመዝናለች። እሷ እንደማትነግረው ገባቸው። «ተቀመጥ ልጄ» አሉት፤ እሱ ተቀምጦ እሳቸው ቆመው፣ እጃቸውን በቀሚሳቸው እየጠረጉ፣ ከማኅበሩ ጀምረው ነገሩት። ለአቶ መኳንንት ከነገሩት ይልቅ ለልጃቸው መንገሩ ከበዳቸው፤ ሁለት ጊዜ አቋርጠው ቀጠሉ። ትዕዛዙ የመኪናውን ቁልፍ በጣቱ እያዞረ አዳመጠ። ሲጨርሱ ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ወደ ሚስቱ ዞረ።

«አንቺስ መቼ ነው የሰማሽው?»

«ማኅበሩ በተጠጣ ማግሥት። መሲ ነገረችኝ።»

«ሁለት ሳምንት ሙሉ? ለምን አልነገርሽኝም?»

«እናትህ አይደሉ?» አለች ጥሩሸዋ፤ ዱቄቱን መመዘኗን ሳታቋርጥ።

ወይዘሮ አስካለ አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። ከማኅበሩ ማግሥት ወዲህ ያለፉት ጠዋቶች አንድ በአንድ መጡባቸው። ጥሩሸዋ ገና ሳይነጋ ወደ ሥራዋ ከመሄዷ በፊት በራቸውን ቀስ አድርጋ ትከፍታለች፤ «እንዴት አደሩ፣ እማማ» ትላለች፤ የመታጠቢያውን ገበታ ከአልጋው ሥር ታስጠጋና ጎንበስ ብላ በጣሳ ታስታጥባቸዋለች። በእነዚያ ሁሉ ውርጭ ጠዋቶች አንድም ቀን ውኃው ቀዝቃዛ ሆኖ አያውቅም።